ባለቤት ያጣ ደም

መዲና እንድሪስ ወንድሟን ከቀበረች ወዲህ በቦርከና ከተማ ከማንም ጋር አልበላችም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን እንደ ሰው ሁሉ ወደ ማዕድ አዳራሹ ትመጣለች። ሰልፍ ትይዛለች፤ ባዶ ሰሃን ታነሳለች፤ የወጥ ቀጂዋን ጭልፋ በእጇ መልሳ ቦታዋ ሄዳ ትቀመጣለች። ከዚያ ሰሃኗን ትገለብጠዋለች። ሁለት እጆቿን ከላዩ አስቀምጣ ሰው በልቶ እስኪጨርስ ትጠብቅና ተነስታ ወደ ስፌት ክፍሏ ትሄዳለች። ማታ ከጓሮዋ ያወጣችውን ድንች ለብቻዋ ቀቅላ ትበላለች። አትጮህም፤ አታለቅስም፤ ማንንም አትሳደብም። ብትሳደብ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ለሚሳደብ ሰው አካሉ መድኃኒት አለው።

አካሉ ሙሉ ስሙ «አንድ አካል ማኅበራዊ ድርጅት» ነው። በከተማው የእሱ ያልሆነ ነገር ቢኖር የወንዙ ጭቃ ነው፤ እሱም በጥናት ላይ ነው። ሽማግሌዎች ሲያወሩ፣ መጀመሪያ የመጣው ለድሃ ውኃ ሊያወጣ ነበር። አወጣም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከዚያ ውኃ ያለ መብራት አይሳብምና መብራቱን ያዘ። የታመመ ሰው ውኃ አይቀዳምና ክሊኒኩን ያዘ። ያልተማረ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ አይውጥምና ትምህርት ቤቱን ያዘ፤ የራበው ልጅ አይማርምና ምሳውን ያዘ። ሁሉ ነገር ከሁሉ ነገር ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ያመነ ሰው፣ ሁሉንም በእጁ ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም። ደግሞ ክፉ ድርጅት እንዳይባል የሚማታ ዘበኛ፣ የሚሳደብ ሥራ አስኪያጅ የለውም። ጭራሽ ሥራ አስኪያጅ የሚባል ሰው የለውም። ያሉት አስተሳሳሪዎች ናቸው። አስተሳሳሪ አያዝም፤ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ይላል፤ «እርስዎ» ሰውን ከሰው ይለያል ተብሎ ከቀረ ቆይቷል።

በዚህች ከተማ አንድ ነገር ሲበላሽ «ማን አበላሸው?» ተብሎ አይጠየቅም። ጥያቄው ራሱ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ሕፃን ልጅ ቢያነሳው መምህሩ ከንፈሩን ይነክስበታል። ይልቅ ካርታው ይከፈታል። ካርታው የተበላሸውን ነገር መሐል ላይ ያስቀምጥና ወደ እሱ የመጡትን መንገዶች ሁሉ በክር ይዘረጋል፤ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በክሩ ውፍረት ይታያል። በየበሩ ላይ «ጥፋተኛ የለም፤ ትስስር እንጂ» ተብሎ ተጽፏል። ጥፋቱን ለብቻው ጠቅልሎ የሚወስድ ሰው ቢገኝ ታሟል ማለት ነው። ማረፊያ ቤት ይገባል። እዚያ በፍቅር ይያዛል፤ ሲወጣም ፊቱ ወዝ አውጥቶ፣ ስላደረገው ነገር ሲጠየቅ «የቱ?» እያለ ይወጣል።

ይመር የመዲና ታናሽ ወንድም ነበር። እናታቸው ስትሞት ገና ጥርስ አላበቀለም፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ራሷ ሳታገባ ቀርታ እሱን ዳረችው፤ ሚስቱ ስትሄድበት መልሳ ወደ ቤቷ አስገባችው። ሳንባው ደካማ ነበርና በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያለ መተንፈሻ ማሽን መቀመጥ አልቻለም። ማሽኑን «ጎረቤቴ» ይለው ነበር። «ጎረቤቴ ዛሬም ሲያንኮራፋ አደረ» ይላል ጠዋት ጠዋት፤ መዲናም በየቀኑ እንደ አዲስ ትስቃለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰፈራቸው መብራት ሄደ። ሌላ ሰፈር አልሄደም። የአካሉ የቲማቲም ማቀዝቀዣ ይሠራ ነበር፤ የማዕድ አዳራሹ ማራገቢያ ይዞር ነበር፤ የመዲናም የስፌት መኪና ሲሰፋ ዋለ። ቤቷ ስትደርስ ይመርን ከአልጋው ወርዶ መስኮቱ ሥር አገኘችው። መስኮቱን ሊከፍት ነበር መሰል፤ ጣቶቹ ጠርዙን እንደ ያዙ ቀርተዋል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀችው እሷ ናት።

ሰው መቼም ለቅሶ አይሰስትም። ድንኳን ተተከለ። ቀድሞ ደርሶ ካስማውን የመታው፣ ወንበሩን ያመላለሰው፣ ሌሊቱን ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ያደረው አንተነህ የሚባል ጎረቤቷ ነበር። የአካሉ የመብራት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው። መዲና «ወንድም ማለት ይኼ ነው» ብላ መርቃዋለች። ለቅሶው ሳይነሳ ግን አንዲት ጥያቄ ከአፏ ወጣች።

«መብራቱን ማነው ያጠፋው?»

አንዲት ሴትዮ ቶሎ ብላ «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» አለቻት። መዲናም «አላህማ ያውቃል፤ እኔም ልወቅ እንጂ» አለች።

በማግስቱ ካርታው ፊት አቀረቧት። ያቀረበቻት ብሌን የምትባል አስተሳሳሪ ናት፤ ገና ወጣት፣ ድምፅዋ የለሰለሰ፣ ስታዳምጥ አንገቷን ወደ አንድ ጎን የምታዘነብል። ካርታው ግድግዳውን ሞልቶታል። መሐል ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ነጥብ ይመር ነው። ዙሪያውን ክር በክር ነው፤ ዝናቡ ያጠረበት ክረምት፣ የቀነሰው የግድቡ ውኃ፣ የቲማቲሙ መኸር፣ በዚያ ቀን ክሊኒክ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት፣ ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች፣ በሙቀቱ ምክንያት ማራገቢያ ያበሩ ሰዎች ሁሉ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር፤ እንደ ጥልፍ። መዲና ልብስ ሰፊ ናትና ክሮቹን በዐይኗ ስትከተል ቆይታ አንዱ ወፍራም ክር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይኼስ ማነው?»

«አንቺ ነሽ፣ መዲናዬ» አለች ብሌን፣ እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ።

ባትሪው ነበር። ከዓመት በፊት አካሉ ሰፈሩን ሰብስቦ፣ የየቤቱ መጠባበቂያ ባትሪ ለትምህርት ቤቱ በአንድ ላይ ቢዋጣ ምን ይመስላችኋል ብሎ ጠየቀ። ጎረቤት ሁሉ እጁን አወጣ። መዲና የይመርን ማሽን አስባ ነበር፤ እጇን ግን አወጣች። ሰው ሁሉ እጁን አውጥቶ «ለልጆች ነው እኮ» ሲል አንቺ ብቻ እጅሽን ጉያሽ ከተሽ ተቀመጪ ማለት የማይታሰብ ነው። ይሉኝታ ስንቱን ሰው ከነነፍሱ ቀብሯል።

«ልንወቅስሽ አይደለም» አለች ብሌን። «ማንም አይወቀስም። ሥርዓቱ ከዚህ ተምሯል፤ ከእንግዲህ የመተንፈሻ ማሽን ያለበት ቤት መብራት አይቋረጥም። ይመር ስንቱን አዳነ መሰለሽ!»

«መብራቱን ያጠፋ እጅ ግን አለ» አለች መዲና።

«ሥርዓቱ ሐሳብ ያቀርባል፤ ተረኛው ሰው ቁልፉን ይነካል። ማን እንደ ነካ አንመዘግብም። በመርህ ነው የማንመዘግበው። ብንመዘግብ ኖሮ አንቺ ያን ሰው ትጠዪው ነበር፤ ለምን ትጎጂ?»

መዲና ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ሸህ ሙሄ ዘንድ ነው።

ሸህ ሙሄ ከአበጋሮች የቀሩ ሰው ናቸው። በወሎ ምድር ነፍስ ሲጠፋ በገዳይና በሟች ወገን መካከል ገብቶ ደም የሚያደርቅ አስታራቂ አበጋር ይባላል፤ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። የሸሁ አባት ደም የተቃቡ ሁለት ጎሳ አስታርቀው ያውቃሉ ይባላል። ልጃቸው ግን በዚህ እርጅናቸው በር ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ነፍስ ያጠፋ ሰው በሌለበት ከተማ አበጋር ምን ሥራ አለው?

«ሸሁ፣ የወንድሜን ደም ያድርቁልኝ» አለቻቸው።

«ገዳዩን አምጪልኛ።»

«የለም አሉኝ።»

«ሟች አለ?»

«አለ እንጂ።»

«እንግዲያው አለ» አሉ ሸሁ። «ስሚኝ መዲና፤ ደም ባለቤት አለው። ባለቤቱ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መጥቶ ‹እጄ ነው› ይላል። የኔ ሥራ ከዚያ ወዲያ ነው የሚጀምረው። ከዚያ በፊት እኔም እንደ ማንኛውም ጡረተኛ ነኝ።»

«እስከዚያስ ምን ላድርግ?»

«እስከዚያማ ከገዳይ ወገን ጋር ማዕድ አይቆረስም። አባቶቻችን ከዚህ ሌላ ያዘዙት የለም።»

«ወገኑ ማነው ታዲያ?»

«ያ የምትዪው ካርታ ማንን ይላል?»

«ሁሉንም።»

ሸሁ እዚህ ላይ «ልጄ፣ እንዲህማ አይሆንም» ብለው ሊመክሯት ይገባ ነበር ይሆናል። አልመከሯትም። ሸሁም ቢሆኑ አካሉ ሥራ ካሳጣቸው ወዲህ የከረመ ነገር ሆዳቸው ውስጥ ነበር።

ሰሃን መገልበጡ የተጀመረው በዚህ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ሰው አዘነላት። ቆይቶ ሰው ፈራት። አጠገቧ መቀመጥ ቀረ፤ ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው አንተነህ ብቻ ነበር፤ እሱም እንጀራውን ቆርሶ ቆርሶ ሳይጎርሰው ይነሳል። ነገሩ እንደ ማዛጋት ተጋባ። ልጇ ክሊኒክ ውስጥ የሞተባት አንዲት ሴት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰሃኗን ገለበጠች። ቤቱ ለመንገድ የፈረሰበት ሰውዬ ተከተላት። ማንም ምንም አላለም፤ ወጡ ግን መትረፍ ጀመረ። አካሉ ሲሰደቡት አይደነግጥም፤ ምግብ ሲተርፍ ይደነግጣል። የተረፈው ወጥ ካርታ ላይ ወጣ፤ መሐሉ ላይ ያለችው ነጥብም መዲና ሆና ተገኘች።

ብሌን ቤቷ መጣች። ሙዝ ይዛ መጥታ ነበር፤ መዲና ሙዙን ከነከረጢቱ ደጅ አስቀመጠችው።

«እየጎዳሽን ነው» አለች ብሌን፣ አንገቷን አዘንብላ። «አውቀሽ አይደለም። ግን ሰው ምግብ ሲዘጋው ሥራው ይበላሻል፤ ሥራው ሲበላሽ ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ይጎዳል። ካርታውን ላሳይሽ?»

«አይቸዋለሁ።»

«ምን ብናደርግልሽ ነው የምትበዪው?»

«አንድ ሰው አምጪልኝ። አንድ። መጥቶ ‹እጄ ነው› ይበለኝ።»

«ከዚያስ? ትገድዪዋለሽ?»

«እሱን ያኔ አስብበታለሁ።»

ብሌን ፈገግ አለች። ይህች ልጅ ጨካኝ አልነበረችም፤ ጨካኝ ብትሆን ለመዲና ይቀልላት ነበር። «አያቶቻችን ምን ይላሉ? ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።› ለምን አንድ ሰው ይሰበርልሽ? ሁላችንም እንሸከመው። የፈለግሽው ደም ማድረቅ ከሆነ ደም እናድርቅ። ሸህ ሙሄን እንጠራለን። ከተማው በሙሉ ይመጣል።»

«ወንድሜ ሎሚ አይደለም» አለች መዲና።

«ምሳሌ ነው እኮ፣ መዲናዬ።»

«እኔም አውቄያለሁ ምሳሌ መሆኑን። በምሳሌ አይደለም የሞተው።»

ብሌን ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የያዘችው «ደም ማድረቅ» የሚለውን የራሷን ቃል ብቻ ነበር። ሐሳቡ በጣም ጥሟት ወጣች። ሳምንቱን ሙሉ አካሉ ሲሰናዳ ሰነበተ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ከተራራ ወረደና ተፈጭቶ ጠጠር ሆነ። ጠጠሮቹ ካርታው ለየሰው ባሳየው ድርሻ ልክ ተመዘኑ፤ ተወለወሉ፤ ተበስተው ጥቁር ክር ገባባቸው። የሕፃናቱ የምስር ፍሬ ታክላለች። አንገት ላይ ስትንጠለጠል ታምራለች፤ ልጃገረዶች ከልብሳቸው ጋር ሲያስተያዩዋት ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከተማው ወንዙ ዳር ወጣ። ሸህ ሙሄ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አልመጣም ብለው ነበር፤ በኋላ ግን ከስንት ዘመን አንድ ቀን ተጠራሁ ብለው መጡ። መዲና ከጎናቸው ቆመች። ጠጠር ከሚያድሉት ሴቶች አንዷ ቀረበችና፣ ዐይኗን መዲና ላይ ሳታሳርፍ፣ የእሷን ድርሻ አንገቷ ላይ አጠለቀችላት። የዶሮ እንቁላል ያክላል። መዲና ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች፤ ከሷ የበለጠ ጠጠር ያንጠለጠለ ሰው አልነበረም።

ሸሁ ተነሱ። ድምፃቸው ለእርጅናቸው ከሚጠበቀው በላይ ወፍራም ነበር።

«ይህን ደም ያፈሰሰ ማነው?»

«ሁላችንም!» አለ ሕዝቡ። ልምምድ ተደርጎበታል፤ አንድ ላይ ነው የወጣው።

«ይህን ደም ያፈሰሰ ማነው?»

«ሁላችንም!»

«ሰው ጠየቅኩ እንጂ ማዕበል አልጠየቅኩም» አሉ ሸሁ። «ለመጨረሻ እጠይቃለሁ። ማነው?»

«ሁላችንም!»

ሸሁ በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ብሌን ጎንበስ ብላ «ሸሁ፣ መልሱ ተመልሷል» አለቻቸው። «ጩኸት ሰማሁ፤ ሰው አልሰማሁም» አሏትና ፊታቸውን አዞሩ። ሕዝቡ ቆሞ መጠበቅ ጀመረ። ፀሐዩ በረታ። ከወደ ኋላ አንድ ልጅ አለቀሰ፤ አንዱ ምሳ ስንት ሰዓት ነው ብሎ ሲጠይቅ ተሰማ። ሰው ሁሉ መዲናን ያያት ጀመር፤ በክፋት አይደለም፣ እንደ ተዘጋ በር ነው የሚያያት።

መዲና ያኔ የተሰማትን ነገር ስም ልትሰጠው አልቻለችም። ንዴት ብቻ አልነበረም። ይህ ሁሉ ሰው ይመርን ገደልኩ እያለ አንድም ፊት አልገረጣም። እንደ ጉም ነው፤ በየት በኩል ይመቱታል? ክሩን ከአንገቷ አወጣች። ጠጠሩን በመዳፏ ይዛ ከፍ አደረገችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ባትሪውን እኔ ነኝ የሰጠሁት። ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ብቻ! ባለቤት ይኑረው እንጂ እኔም ልሁን! በቃችሁ?»

የሕዝቡ ትንፋሽ ሲወጣ ተሰማ። ብሌን ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ መዲናን አቅፋ «መጀመሪያው ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ ማረፍ ነው፤ ማረፊያ ቤት አልጋ እናዘጋጅልሻለን» አለቻት። «ውሸት ደም አያደርቅም!» ብለው ሸሁ ጮኹ። የሰማቸው ሰው ቢኖር እንኳ ምሳ ሰዓት ደርሷል። ጠጠሮቹ ከየአንገቱ እየወጡ ሣሩ ላይ ወደቁ፤ አንዳንዱ ለማስታወሻ ብሎ ኪሱ ከተተ። ሕዝቡ እየተጫወተ ወደ ከተማው ተመለሰ። ብሌንም አልጋውን ለማዘጋጀት ቀድማ ሄደች፤ «ቀስ ብለሽ ነይ» ብላት።

አንተነህ አልሄደም።

ወንዙ ዳር ቆሞ ነበር፤ የሱ ጠጠር የባቄላ ፍሬ ታክላለች፤ አሁንም አንገቱ ላይ ናት። መዲና አየችውና «አንተም ሂድ፣ ብላ» አለችው።

«የርስዎ አይደለም፣ እትዬ መዲና» አለ። «የኔ ነው። እርስዎ ቀሙኝ።»

መዲና አልገባትም። ሸሁ ግን ከበርጩማቸው ቀና አሉ።

«ተረኛው እኔ ነበርኩ» አለ አንተነህ። መሬት መሬት እያየ ነው የሚናገረው። «የሰፈራችን መብራት ይቋረጥ የሚል ሐሳብ ከሥርዓቱ መጣልኝ። ከሰፈሩ ስም ሥር ጽሑፍ ነበረው። የመተንፈሻ ማሽን፣ ይመር እንድሪስ፣ ይላል።»

«አይተኸዋል?»

«አይቸዋለሁ።»

«ስሙን አንብበኸዋል?»

«አንብቤዋለሁ። ባትሪ አላቸው ብዬ አስቤ...» አቋረጠ። ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ አላሰብኩም። ይህን በኋላ ነው የጨመርኩት፤ ድንኳኑን ስተክል። ያኔ ምንም አላሰብኩም። ሻይ ቀርቦልኝ ነበር። ሻዬ እንዳይቀዘቅዝብኝ ቶሎ ብዬ ነካሁት።»

መዲና ስንት ጊዜ በሐሳቧ ያየችው ሰው ነው ይህ! ግዙፍ፣ ዐይነ ደም፣ ክፉ አድርጋ ነበር የምታየው። ይኼው አንተነህ ነው። ወንበር ያመላለሰላት፣ ደጇ ላይ ያደረላት፣ የመረቀችው አንተነህ። ከዚያ ጥላቻው መጣ። ማረፊያ አጥቶ ሲዞር የከረመ ጥላቻ ነውና ሲያርፍ ከነሙሉ ክብደቱ ነው ያረፈው። ሊገርም ይችላል እንጂ ነገሩ እረፍት ነበረው። ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ መጣ፤ ስለ ይመር አለቀሰች፣ ጮክ ብላ፣ ፀጉሯን ይዛ፣ ከአንጀቷ። ሁለቱ ወንዶች ጠበቋት።

ስትጨርስ በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች። እጇን ዘርግታ የአንገቱን ክር ያዘችና በጠሰችው።

«ወንዙ ያውልህ» አለችው። «ድንጋይ አውጣ። ድቡልቡል እንዳይሆን፤ የሚጎረብጥ አምጣ።»

አንተነህ ከነጫማው ውኃው ውስጥ ገባ። ከጭቃው ውስጥ ሲታገል ቆይቶ ትከሻና አንገቱ ላይ የሚያርፍ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ጥቁር ድንጋይ ይዞ ወጣ። ተሸክሞት ጎንበስ አለ። ጭቃው በሸሚዙ ላይ ይወርዳል። ሸህ ሙሄ ተነሱ፤ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ።

«ይህን ደም ያፈሰሰ ማነው?»

«እኔ ነኝ። እጄ ነው።»

«የሟች ወገን፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አለች መዲና።

«ይቅር ትያለሽ?»

«አልልም።»

ሸሁ አልተቆጡም። በመጀመሪያው ቀን ይቅር የተባለ ገዳይ አባታቸውም አላዩም፤ ባለ ደም እምቢ ይላል፣ ገዳይ ይመላለሳል፤ ወጉ እንዲህ ነው። ወደ አንተነህ ዞር ብለው «ትመለሳለህ» አሉት።

«ነገ ና» አለች መዲና። «ነገም አልልህም። ከነገ ወዲያም ና። ጓሮ ለጓሮ እንዳትመጣ፤ በዋናው መንገድ ና፣ ድንጋዩን ተሸክመህ፣ ሰው ሁሉ እያየህ።»

አንተነህ ከድንጋዩ ሥር ቀና ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ካዩኝ ይወስዱኛል፣ እትዬ መዲና» አለ። «ማረፊያ ቤት ያስገቡኛል። አይመቱኝም፤ ያቅፉኛል። ይህን ሁሉ እስክረሳው ያቅፉኛል።»

መዲና ጎንበስ አለችና ፊቱን ከድንጋዩ ሥር ፈልጋ አየችው፤ ዐይኑን፣ ግንባሩን፣ ላቡን፣ ሁሉንም በደንብ አየችው።

«እንግዲያው» አለችው፣ «ሳትረሳው ና።»